«አለቀልን» የተከለከለበት ከሰዓት

እኔ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያልቅልኝ ቆጥሬ አላውቅም። ቁልፍ ሲጠፋብኝ «አለቀልኝ» እላለሁ። ስጠብቀው የቆየሁት ባጃጅ ውስጥ ሌላ ሰው ከፊቴ ዘሎ ሲገባ «ጠፋሁ» እላለሁ። መብራት ሲሄድ «ጉድ ፈላ»፣ ከነጠላ ጫማዬ አንዱ አልጋ ሥር ሲገባ «ድራሹ ይጥፋ»፣ ታክሲ ውስጥ ፀሐይ የሚመታው ወንበር ሲደርሰኝ ደግሞ «ዕጣዬ ነው» እላለሁ። የአዳማን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ቢያንስ በዚህ በመጨረሻው አይፈርድብኝም።

ልማዱ የእኔ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አጥር የምንጋራቸው አዴ ጫልቱ የልብስ ማስጫ ገመዳቸው ሲበጠስ በኦሮምኛ «በድኔ» ብለው ይጮኻሉ፤ ጠፋን፣ አለቅን ማለታቸው ነው። የሰፈራችን ባለሱቅ ስኳር ሲያልቅበት «ቀደር ነው፣ አላህ የወሰነው» ይልና ወደ ሰማይ ያያል። ስኳሩ ያለቀው እሱ ማዘዝ ረስቶ መሆኑን ግን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። በዚህ ሙቀትና በዚህ አቧራ መሐል «ትንሽ ተቸግሬያለሁ» የሚል ሰው ካገኛችሁ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ወጡ ጨው ከበዛበት «ቤቴ ፈረሰ» ትል ነበር። ቤቷ አንድ ቀን ሳይፈርስ አርጅታ ሞተች።

ባለቤቴ ማርታ ግን ከእነዚህ ቃላት ጋር ተጣልታለች። በቤተ ክርስቲያናችን ስለ አንደበት ኃይል ከተሰበከ ወዲህ፣ እኔ «አለቀልኝ» ባልኩ ቁጥር ከሆነ ክፍል «አልቀበልም» የሚል ድምፅ ይመጣል። ገላዋን እየታጠበች እንኳ ትሰማኛለች። አንዴ ከትምህርት ቤት ደውዬ «የፈተና እርማት ጨረሰኝ» ብላት፣ ገበያ መሐል ቆማ «አልቀበልም» ብላ ጮኸች። ቲማቲም ሻጯ ለእሷ የተባለ መስሏት ዋጋ ቀነሰችላት።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው አፌ የደረቀው። ብቸኛዋ ልጃችን ሊዲያ በሰባት ዓመቷ ወባ ይዟት አራት ቀን ሐኪም ቤት ስትተኛ፣ እነዚያ ሁሉ ቃላት የት እንደገቡ አላውቅም፣ አንዲትም አልወጣችኝ። አራት ቀን ዝም ብዬ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሊዲያ ዛሬ ትልቅ ሰው ናት፤ መልካሳ የእህል ዘር ምርምር ላይ ትሠራለች። አንድ ረቡዕ ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ፊቴ ቆመች።

«አባዬ፣ ቅዳሜ ከሰዓት እነ ናትናኤል ሽማግሌ ይልካሉ።»

«አለቀልኝ» አልኩ።

«እኔም የመጣሁት ለዚሁ ነው» አለችኝ።

ናትናኤል የሻሸመኔ ልጅ ነው፤ እናትና አባቱን በአራት ዓመቱ አጥቶ ያሳደጉት አክስቱ እትዬ አስቴር ናቸው። እትዬ አስቴር ሽማግሌ ወንድ ነው ቢባሉ አልሰሙም፣ አብረው ይመጣሉ። እትዬ አስቴር ደግሞ ሟርት አይወዱም። አይወዱም ሲባል እንደ ማርታ «አልቀበልም» ብለው የሚያልፉ እንዳይመስላችሁ። ለናትናኤል ታላቅ ወንድም ሽማግሌ ሆነው ሄደው፣ የልጅቷ አባት ለቀልድ «ይህ ሰርግ ሊፈጀን ነው» ሲል ሰሙና «ገና ከበሩ ፍጅት የተጠራበት ቤት ልጄን አልሰጥም» ብለው ሽማግሌዎቹን አስከትለው ተመለሱ።

«ልጁስ?» አልኳት።

«እስከ ዛሬ አላገባም።»

ከዚያ ጣቷን እያጠፈች ቆጠረችልኝ። አለቀ የለም። ጠፋ የለም። ፈረሰ፣ ወደቀ፣ ተሰበረ፣ የለም። ዕጣዬ ነው የለም፣ እሱም ማማረር ነው። «አንድ ከሰዓት ብቻ ነው፣ አባዬ። ከእሱ ሌላ ሰው አላገባም።» ልጄ ቀልድ ታውቃለች፤ ያን ቀን ግን እየቀለደች አልነበረም። ማልኩላት።

ማርታ ዕድሏን አገኘች። ሦስት ቀን ሙሉ በቃል ፋንታ ቃል እየሰጠች አስጠናችኝ። በ«አለቀልኝ» ፋንታ «ይጨመርልኝ»፣ በ«ጠፋሁ» ፋንታ «ተገኘሁ»፣ በ«ዕጣዬ ነው» ፋንታ «ክብር ይሁን»። እኔ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነኝ። ሐሙስ ጠዋት አንድ ተማሪ የቤት ሥራውን አልሠራሁም ሲለኝ «ክብር ይሁን» አልኩት። ያ ክፍል ከዚያ ወዲህ የቤት ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

አሁን ስለ ውሃው ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባም። ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ስለዚህ ከስድስት ዓመት በፊት ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዝ ታንከር ገዝቼ ግቢው ውስጥ የብረት ማማ ላይ ሰቀልኩት። ማማውን የነደፍኩት ራሴ ነኝ። በያጁ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ አግድም ብረት ካልገባበት አይችልም» ሲለኝ፣ ወረቀቴን አውጥቼ «አስልቼዋለሁ፣ ወንድሜ፣ አያስፈልግም» አልኩት። በእርግጥም አስልቼዋለሁ። ስሌቱ ውስጥ ሳላስገባው የቀረሁት የውሃውን ክብደት ብቻ ነው። ማማው ስድስት ዓመት የቆመው ታንከሩ አንድም ቀን ሞልቶ ስለማያውቅ ነው፤ ውሃው ግማሽ ሳይደርስ ፈረቃው ያበቃል።

ቅዳሜ ጠዋት ውሃ መጣ። ማርታ «መጣ፣ መጣ» እያለች ወጥታ የታንከሩን መስመር ከፈተች። ውሃው እንዲህ በጉልበት መጥቶ አያውቅም፣ እንዲህ ሳይቋረጥም ቆይቶ አያውቅም። እኛ ደግሞ ቤት ስናጸዳ፣ ወንበር ስንደረድር መስመሩን መዝጋት ረሳን። ለእንግዶቹ ጥላ እንዲሆን አንድ ትልቅ ሸራ ከቤቱ ጣሪያ እስከ ማማው እግር ድረስ ወጠርኩ። ወንበሮቹን ከሥሩ ደረደርኩ። ይህንንም ያደረግሁት ራሴ ነኝ።

በዘጠኝ ሰዓት ሦስት ሆነው ገቡ። ፊት ፊት የሚሄዱት ጋሽ ደበላ ነበሩ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ረጅም ሽማግሌ። ቀጥሎ አንድ ዝምተኛ የቤተ ክርስቲያን ሰው። ከኋላ እትዬ አስቴር፣ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር እያዩ። በእኛ በኩል የሚናገረው የማርታ ወንድም ጌታቸው ነው። ሊዲያ በወጉ መሠረት ቤት ውስጥ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ትሰማለች።

«አካም ጅርቱ። ቤቱ የሰላም ይሁን» አሉ ጋሽ ደበላ፣ ሸራው ሥር ቆመው።

«ተቀመጡ» አልናቸው።

«እሺ ሳንባል አንቀመጥም።»

ይህ ወግ ነው። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባልለት አይቀመጥም። የሴት ወገን ደግሞ ወዲያው እሺ አይልም። እንመካከር ይላል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ትንሽ ይኮራል። ቶሎ እሺ ያለ አባት ልጁን ሊገላገላት የፈለገ ይመስላል።

ጋሽ ደበላ ንግግራቸውን ጀመሩ። የጀመሩት ከሻሸመኔ ነው። ከሻሸመኔ እንዴት እንደተነሱ፣ አርሲ ነገሌ ላይ ምን እንዳሰቡ፣ ዝዋይ ላይ ዓሣ እየበሉ ስለ ጋብቻ ምን እንደተባባሉ፣ ከተማ ከተማው ላይ እየቆሙ ይናገራሉ። መቂ ሲደርሱ ከላይ «ጢጥ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ቀና አልኩ። የታንከሩ ክዳን ዙሪያውን ውሃ ያንጠባጥባል። ሞልቷል። ሸራውን ያሰርኩበት የማማው እግር ከጉልበቱ ጎበጥ ብሏል። ሁለት ሺህ ሊትር ሁለት ሺህ ኪሎ ነው፤ ስንት ዓመት ለተማሪ አስተምሬዋለሁ። ለሦስት ሽማግሌ ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው ስድስት መቶ ስድሳ ስድስት ነጥብ ስድስት ይደርሳቸዋል።

«ለምን ቤት አትገቡም?» አልኩ።

«እሺ ሳንባል?» አሉ ጋሽ ደበላ ተገርመው።

«ባትባሉም ግቡ።»

ጌታቸው ክንዴን ቆነጠጠኝ። «ወጉን አታበላሽ» አለኝ በጆሮዬ። ጋሽ ደበላ ተመልሰው መቂ ገቡ።

«ሊወድቅ ነው» ማለት ነበረብኝ። ይኼው ነው። ልጅ እንኳ ይለዋል። ነገር ግን ለእጮኝነት በቆሙ ሰዎች መሐል፣ በእትዬ አስቴር ፊት፣ ወደቀ ልበል? መጋረጃው ሥር የሊዲያ ጫማ ጫፍ ይታየኛል። ስለዚህ ከተፈቀዱልኝ ቃላት መሐል ፈለግሁ።

«ከበላያችሁ ብዙ ውሃ አለ» አልኩ።

«አሜን» አለ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው። «የበረከት ውሃ ነው።»

«ሊመጣ ነው። አሁን ነው የሚመጣው።»

«አሜን፣ ይምጣ» አሉ እትዬ አስቴር፣ መዳፋቸውን ዘርግተው።

በዚህ ዓይነት ሰው መርዳት ይቻላል? ቢያንስ መስመሩን ልዝጋ ብዬ በእንግዶቹ ጀርባ አለፍኩ። መዝጊያው ከማማው ሥር ነው። እትዬ አስቴር ጀርባዬን ለሰው አልሰጥም ብለው አብረውኝ ዞሩ፣ ይባስ ብለው ታንከሩ ትክክል ሥር ገቡ። መዝጊያውን ስይዘው እጀታው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ።

«አለ…» አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ማርታ በሩ ላይ ዓይኗን ጨፈነች።

«አለ… እግዚአብሔር አለ» አልኩ።

«አሜን» አሉ ሦስቱም።

እጀታውን ኪሴ ከተትኩ። ከላይ እንደገና «ጢጥ» አለ። ያን ጊዜ አንድ መንገድ ብቻ እንደቀረኝ ገባኝ። ሽማግሌ ከቆመበት የሚነቃነቀው እሺ ሲባል ነው። እሺ ይባላላ።

«እሺ» አልኩ። «ሰጥተናል። ግቡ።»

ጋሽ ደበላ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። «እኛ እኮ ገና ሞጆ ነን» አሉ። «ጉዳያችንን መቼ ተናገርን?»

«ምን ነካህ?» አለ ጌታቸው፣ ሰው እንዳይሰማው ብሎ ጀምሮ ሰው ሁሉ በሰማው ድምፅ። «ልጅቷን ልትጥላት ነው?»

እትዬ አስቴር ማየት ጀመሩ፤ እኔን፣ ከዚያ መጋረጃውን፣ ከዚያ እንደገና እኔን። ምን እንደሚያስቡ ገባኝ። እንዲህ የሚቸኩል አባት የደበቀው ነገር አለ እያሉ ነው። ልጄን ከሟርት ላድናት ብዬ ነውር ያላት አስመሰልኳት። ብናገር አበላሻለሁ፤ ዝም ብል ሦስት ሰው ገድላለሁ። ስለዚህ ሁለቱንም የማይሆን ነገር አደረግሁ፤ ሄጄ በትከሻዬ የማማውን እግር ደገፍኩ።

አትሳቁ። የሒሳብ መምህር መሆኔን አልረሳሁም። ሁለት ሺህ ኪሎ በአንድ ትከሻ እንደማይያዝ አውቃለሁ። ደግፌ ቆምኩ፣ ላቤ ይወርዳል፣ አፌን ገጥሜያለሁ። ጋሽ ደበላ ቅር እያላቸው ከሞጆ ተነስተው አዳማ ገቡ፣ ጉዳዩን ተናገሩ፣ ጨረሱ። «እንግዲህ አባት ምን ይላል?» አሉ።

ዝም አልኩ።

«አባት?»

ዝም።

ጌታቸው ሳለ። ማርታ ስሜን ጠራች። እትዬ አስቴር የነጠላቸውን ጫፍ ሰብስበው ወደ በሩ ማየት ጀመሩ፤ የሚሄድ ሰው አያያዝ ነው። ያን ጊዜ መጋረጃው ተገለጠና ሊዲያ ሳትጠራ፣ ወጉን ሁሉ ጥሳ፣ ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አባዬ፣ ምን ሆነሃል?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

ወደ እትዬ አስቴር ዞረች። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መጥፎ ቃል እንዳይናገር ያስማልኩት እኔ ነኝ። አባቴ ቀኑን ሙሉ አለቀልኝ ሲል ነው ጤና መሆኑን የማውቀው። ዝም ያለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በልጅነቴ ልሞትበት የመሰለው ጊዜ። ዝም ሲል እፈራለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ መጣች። «አባዬ፣ መሐላው ይቅር። ጋብቻውም ከቀረ ይቅር። እንደ ድሮህ ተናገር።»

ያን ጊዜ ሐኪም ቤት ተኝታ ዝም ማለቴን ታያለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አይታለች፣ እስከ ዛሬም ይዛዋለች።

«አለቀልን» አልኩ። «ማማው ሊወድቅ ነው። ሞልቷል፣ ሊጨፈልቀን ነው፣ እግሩ ተሰብሯል፣ ጠፋን፣ ዕጣችን ነው፣ ድራሹ ይጥፋ፣ ሩጡ።» የሦስት ቀኑን በአንድ ትንፋሽ አወጣሁት። ከአጥሩ ማዶ አዴ ጫልቱ ነገሩን ሳያዩ «በድኔ» ብለው ተቀበሉኝ።

መጀመሪያ የተነቃነቁት ጋሽ ደበላ ናቸው። ስንት ጊዜ ፍሬን የበጠሰ መኪና እንዳዩ እንጃ፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ እትዬ አስቴርን በክንዳቸው አንስተው በረንዳው ላይ ተገኙ። ጌታቸውና የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ተከተሉ። እኔ ሊዲያን ጎትቼ ስደርስ ከኋላዬ ብረቱ አለቀሰ፣ ቀጥሎ ግቢው ተናወጠ።

ውሃው ሸራውንና ወንበሮቹን ይዞ እስከ ውጭው በር ሄደ፤ ተመልሶም መጣ። የእትዬ አስቴር አንድ እግር ጫማ በፊታችን ተንሳፍፎ አለፈ። የወደቀው፣ የፈረሰው፣ የተሰበረው፣ ሊዲያ በጣቷ የቆጠረችልኝ ሁሉ ግቢያችን ውስጥ ተጋድሟል። ማርታ እንኳ «አልቀበልም» አላለችም። ሁላችንም እትዬ አስቴርን ማየት ጀመርን።

እሳቸው ቆመውበት የነበረውን ቦታ ያያሉ። እዚያ አንድ ወንበር ጠፍጣፋ ሆኗል። ነጭ ልብሳቸው እስከ ወገብ ጭቃ ነው።

«ጦሳችንን ይዞት ሄደ» አሉ።

ይህ ብርጭቆ ሲሰበር የሚባል ነው። ለሁለት ሺህ ሊትር ሲባል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ይዞት ይሂድ» አልን ሁላችንም ባንድ ድምፅ፤ አዴ ጫልቱም አጥሩ ላይ ሆነው።

«ግን አባት» አሉ እትዬ አስቴር ወደ እኔ ዞረው፣ «ያውቁ ኖሯል?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«እርስዎ ሟርት አይወዱም ተባልኩ።»

«ሟርት አልወድም አልኩ እንጂ» አሉ፣ «ዝም ብላችሁ ግደሉኝ አልኩ?» ጋሽ ደበላ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት።

ከዚያ ጋሽ ደበላ ኮታቸውን ጨምቀው፣ ቀጥ ብለው ቆሙ። ወግ ወግ ነው። «እንግዲህ መልሱን እንስማ» አሉ። ጌታቸው ጉሮሮውን ጠረገና ስለ ቀጠሮ ሊጀምር አፉን ከፈተ። እትዬ አስቴር ግን እኔን ነው የሚያዩት።

እኔ ሊዲያን ነበር የማየው። ቀሚሷን ሰብስባ፣ የእትዬ አስቴርን ጫማ በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው ውሃውን በመጥረጊያ ወደ በሩ ትገፋለች፣ ትስቃለችም። ከዚህ በኋላ ነጠላ ጫማዬ አልጋ ሥር ሲገባ ከሌላኛው ክፍል የሚስቅብኝ ማነው ብዬ አሰብኩ። አፌ የለመደውን ፈለገ። ሌላ ቃል አልነበረም።

«አለቀልኝ» አልኩ። ድምፄ መሐል ላይ ተሰበረ።

ማርታ አፏን ስትከፍት አየኋት። «አልቀበልም» የሚለውን ጠበቅሁ። አልመጣም፤ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

እትዬ አስቴር በአንድ እግር ጫማ ቆመው አዩኝ። ናትናኤልን ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው።

«እኔም» አሉ ቀስ ብለው።

ጋሽ ደበላ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን አዩና፣ ከተረፈው አንድ ወንበር ላይ ውሃውን በእጃቸው ጠርገው ተቀመጡ።